የሰፈራችሁን ካርታ የሁሉም ለማድረግ፦ ከሀዋሳ የተነሣ የአሠራር መመሪያ

ሀዋሳ የካርታ ዳታ ቸግሯት አያውቅም። የቸገራት የሚጋራ ዳታ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፉ መንገድና ሕንፃ የሚስል ተማሪ አለ። የውሃ ቦኖ ቆጥሮ የሚሄድ ፕሮጀክት አለ። ዕቃ የሚያደርስ ልጅ ደግሞ የደንበኞቹን ሰፈር ሁሉ ስልኩ ላይ ምልክት አድርጎ ይዟል። ተማሪው ሲመረቅ ፋይሉ ላፕቶፑ ውስጥ ይቀራል። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሃርድ ዲስኩ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ቀጣዩ ሰው ያንኑ መንገድ እንደገና ከ«ሀ» ይጀምራል።

ይህ መመሪያ ያንን ድግግሞሽ ለማስቀረት ነው። ምሳሌ የማደርገው የአንድ ሰፈር ፋርማሲዎችንና ክሊኒኮችን ነው። ከመንገድ ተነሥተን፣ ማንም አውርዶ ሊሠራበት እስከሚችል ፋይል ድረስ እንሄዳለን። አንድ ስማርት ስልክና ማታ ማታ የምትዋሱት ኮምፒውተር ይበቃችኋል። አፑን መጫን ቀላል ነው። ሰው የሚሳሳተው በስም፣ በሰዓትና በፈቃድ ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ ረዘም እላለሁ።

መጀመሪያ ጥያቄውን አጥብቡ

«ሀዋሳን ካርታ ላይ እናስገባት» ብላችሁ አትነሡ። በሳምንቱ ትሰለቻላችሁ። መልስ ያለው ጥያቄ ያዙ፤ ለምሳሌ «አቶቴ አካባቢ ማታ የሚከፍት ፋርማሲ የት አለ?» የሚል። ጥያቄው ራሱ ምን መሰብሰብ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ስም፣ ቦታ፣ የሥራ ሰዓት፣ ምናልባት በሩ ላይ ደረጃ መኖር አለመኖሩ። በቃ። ሃያ ዓምድ ያለው ቅጽ ይዞ የወጣ ሰው አሥራ ስድስቱን ባዶ ይዞ ይመለሳል።

ከዚያ ያለውን እዩ። ኦፕንስትሪትማፕን ክፈቱና ሰፈራችሁን ፈልጉ። ለማያውቀው፣ ኦፕንስትሪትማፕ በ2004 እ.ኤ.አ. ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ የጀመረው፣ ማንም ተመዝግቦ የሚያርመው የዓለም ካርታ ነው። ከጉግል ካርታ የሚለየው በዳታው ነው። የጉግልን ታያላችሁ፣ መንገድ ትጠይቁታላችሁ፤ ከጀርባው ያለውን ዳታ ግን አውርዳችሁ ለራሳችሁ ሥራ ማዋል አትችሉም። የኦፕንስትሪትማፕን ትችላላችሁ። የኢትዮጵያን ዳታ በሙሉ ጂኦፋብሪክ ከተባለው ድረ ገጽ በየቀኑ ታድሶ ታገኙታላችሁ፤ በነፃ።

ሰፈራችሁን ስታዩ ዋና ዋናው መንገድ ይኖራል፤ የውስጥ ለውስጡ ቅያስና የሱቆቹ ስም ግን ሊጎድል ይችላል። የጎደለውን በወረቀት ላይ ምልክት አድርጉ። የምትወጡት ለእሱ ነው።

ስልኩን አዘጋጁ

ኦፕንስትሪትማፕ ላይ መለያ ክፈቱ። የተጠቃሚ ስማችሁን ሁሉም ሰው ስለሚያየው፣ ሙሉ ስማችሁን መጠቀም ግዴታ አይደለም። ከዚያ «ኤቭሪ ዶር» የሚባለውን አፕ ጫኑ፤ በአንድሮይድም በአይፎንም ይሠራል። ለሱቅ፣ ለክሊኒክና ለመሳሰለው የተሠራ ነው። አንድሮይድ ካላችሁ «ስትሪትኮምፕሊት» የሚባለውንም ሞክሩ። እሱ ቆማችሁበት ያለውን ነገር እየጠየቀ ያስሞላችኋል፤ «ይህ መንገድ አስፋልት ነው ወይስ ኮብልስቶን?» እንደማለት። ካርታ ነክቶ የማያውቅ ሰው በእሱ ቢጀምር ይሻላል።

ዋይፋይ ባለበት ቦታ የአካባቢውን ዳታ አስቀድማችሁ አውርዱ። መንገድ ላይ ኔትወርክ ቢጠፋም ሥራ አይቆምም፤ ማታ ስትገቡ ትልኩታላችሁ። የሞባይል ዳታም ትቆጥባላችሁ።

መንገድ ላይ

ሁለት ሆናችሁ ውጡ። አንዱ ስልክ ይዞ ይመዘግባል፣ ሌላው ያናግራል። ጠዋት ከ3 ሰዓት በኋላ ጥሩ ነው፤ ሱቁ ተከፍቷል፣ ፀሐዩም አልከረረም።

ስልክ አንሥቶ በር በር የሚያይ ሰው ጥርጣሬ ያመጣል። ይህ ያለ ነው፤ አትቀየሙ። ቀድማችሁ ሰላምታ ስጡ። እኔ እንዲህ ማለት ይሠራል እላለሁ፦ «እንደምን ዋላችሁ? የዚሁ ሰፈር ልጆች ነን። ሰው ፋርማሲ ሲፈልግ ስልኩ ላይ እንዲያገኝ ካርታ ላይ እያስገባን ነው። የእናንተንም እናስገባ? ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቱት?» ክፍያ አለመኖሩን ወዲያው ተናገሩ። አብዛኛው ሰው በውስጡ የሚጠይቀው እሱን ነው። አልፈልግም ካለ አመስግናችሁ እለፉ። በቡድን ሆናችሁ ለብዙ ቀን የምትሠሩ ከሆነ ከቀበሌ አንድ ደብዳቤ መያዝ ብዙ ንግግር ያሳጥራል።

ጥበቃዎችንና ሊስትሮዎችን አትለፏቸው። የትኛው ክሊኒክ እንደተዘጋ፣ የትኛው ወደ የት እንደተዛወረ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የባጃጅ ሹፌርም እንዲሁ፤ «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ማታ የሚከፍት ፋርማሲ ታውቃለህ?» ብትሉት ጣቱን ይቀስርላችኋል።

ጂፒኤሱን በተመለከተ፣ የስልክ ጂፒኤስ ሰማይ በተከፈተበት ቦታ 5 ሜትር ገደማ ይስታል። ከፎቅ ሥር ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ በታች ስትሆኑ ስህተቱ ይጨምራል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ገብታችሁ አትመዝግቡ። በሩ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ላይ ቁሙ። በሰማያዊዋ ነጥብ ዙሪያ ያለው ክብ እስኪጠብ ጠብቁ። ከዚያ ምልክቱን በጣታችሁ ወደ ሕንፃው አስጠጉት። ከጂፒኤሱ ይልቅ ዓይናችሁን እመኑ፤ ፋርማሲው ከመንገዱ በስተግራ ከሆነ ካርታውም ላይ በስተግራ ይሁን።

የማስታወቂያ ሰሌዳውን ፎቶ አንሡ፤ ሰሌዳውን ብቻ። ታካሚ ወይም ተላላፊ ሰው ፎቶው ውስጥ አይግባ። የግለሰብ ቤት በባለቤቱ ስም አይመዘገብም። የግል ስልክ ቁጥርም እንዲሁ፤ በሰሌዳው ላይ የተጻፈ የድርጅት ስልክ ግን ይቻላል። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። ወታደራዊና የጸጥታ ተቋማት አካባቢ ካሜራ አታውጡ። ድሮን የማስነሣት ሐሳብ ያለው ካለ ያለ ፈቃድ አይሞክረው።

ስም፣ ሰዓትና ቀን

ብዙ ዳታ የሚበላሸው እዚህ ነው። ቦታው ልክ ሆኖ ስሙ ሦስት ዓይነት ከሆነ ፈላጊ አያገኘውም።

ራሷን ከተማዋን እዩ። ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ። ሦስቱንም ሰሌዳ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ሰው እነዚህን አንድ አድርጎ ያነባል፤ ኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ሊቆጥራቸው ይችላል። ስለዚህ በቡድን ስትሠሩ መጀመሪያ አንድ አጻጻፍ ተስማሙ። የትኛው «ትክክል» ነው የሚለውን ክርክር ለሻይ ሰዓት አቆዩት። ለራስ ሠንጠረዥ አንዱን ምረጡና ሁላችሁም እሱን ጻፉ።

ለድርጅት ስም ደንቡ ቀላል ነው፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ጻፉ። ሀዋሳ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ስለሆነች ሰሌዳዎች በአማርኛ፣ በላቲን ፊደል በሚጻፈው ሲዳሙ አፎና በእንግሊዝኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ኦፕንስትሪትማፕ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የየራሱ ቦታ አለው። በኮምፒውተር ስታርሙ ከስም ሣጥኑ አጠገብ ያለውን የመደመር ምልክት ተጫኑና ቋንቋውን ምረጡ። ሦስቱንም አንድ ሣጥን ውስጥ አትጠቅጥቁ። ትርጉም ራሳችሁ አትፍጠሩ፤ ሰሌዳው ላይ ሲዳሙ አፎ ከሌለ ቋንቋውን የሚናገር ሰው ጠይቁ፣ ካልሆነ ባዶ ይቆይ።

ሰሌዳው ሌላ፣ ሕዝቡ የሚጠራው ሌላ የሆነ ጊዜስ? የዩኒቨርሲቲውን ሆስፒታል ሰው «ሪፈራል» ነው የሚለው። ለእንዲህ ዓይነቱ «ሌላ ስም» የሚባል ሣጥን አለ። እሱን በፍጹም እንዳትዘሉት። አድራሻችን በሰፈር ስምና በምልክት በሚሄድበት ከተማ፣ ከመደበኛው ስም ይልቅ ሰው የሚፈልገው የለመደውን ነው።

ሰዓት ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የፋርማሲው ባለቤት «ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 3» ይላሉ። እንዳለ ከጻፋችሁት ካርታው ፋርማሲውን ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚከፍት ያደርገዋል። ካርታው የሚያነበው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ 08:00–21:00 ይሆናል። ለጠዋትና ለቀን ሰዓት 6 ደምሩ፤ ለማታ ሰዓት 18። መቀየሩን መንገድ ላይ ሳይሆን ቤት ገብታችሁ፣ በረጋ መንፈስ ብታደርጉት ይሻላል። ማስታወሻ ላይ ሰውየው ያሉትን እንዳለ ጻፉ።

ቀንም እንዲሁ። «መስከረም 2017» ብላችሁ ብትተዉት፣ አንባቢው 2024 እ.ኤ.አ. መሆኑን በምን ያውቃል? በሠንጠረዡ ላይ አንድ የዘመን አቆጣጠር ብቻ ተጠቀሙ፣ የዓምዱ ርዕስ ላይም የትኛው እንደሆነ ጻፉ። ከውጭ ሶፍትዌር ጋር የሚሄድ ከሆነ የፈረንጁን አድርጉት፤ 2024-09-15 በሚለው ቅርጽ፣ ዓመት ወር ቀን። በቅደም ተከተል ሲደረደር አይዛነፍም።

ኮምፒውተሩ ላይ

ቅያሶቹን የምትስሉት እዚህ ነው። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ «አርትዕ» የሚለውን ስትጫኑ የሳተላይት ምስል ይመጣል። ከቢንግ ወይም ከኢስሪ ምስል ላይ መሳል ተፈቅዷል። ከጉግል ካርታ ላይ መቅዳት ግን አልተፈቀደም፤ የመንገድ ስም እንኳ ቢሆን። አንድ ሰው ብዙ ከቀዳ በኋላ ቢደረስበት ሥራው በሙሉ ይሰረዛል፤ አብሮት የሠራው ሰው ልፋትም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

የሳተላይት ምስል አንዳንዴ በጥቂት ሜትሮች ይንሸራተታል። ከመሳላችሁ በፊት በእግራችሁ የሄዳችሁበትን የጂፒኤስ መስመር ምስሉ ላይ ጫኑትና አስተያዩ። መስመሩ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ምስሉን አስተካክሉ። ከናንተ በፊት የተሳለውን መንገድ ሁሉ ለመጎተት ግን አትቸኩሉ።

የሐይቁን ዳር ለሚስል ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የሀዋሳ ሐይቅ ከጥቁር ውሃ ወንዝ ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ዝናቡ ሲበዛ ውሃው ይነሣል፣ ዳርቻውም ይገፋል። የቆየ ምስል ላይ የተሳለ ዳርቻ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ጋ ቆመው ከሚያዩት ጋር ላይገጥም ይችላል። የምስሉን ቀን ሳታዩ አትሳሉ።

ስታስቀምጡ «ምን ሠራችሁ?» የሚል ሣጥን ይመጣል። «ማስተካከያ» ብሎ መገላገል የተለመደ ነው፤ አይረባም። «አቶቴ አካባቢ ፋርማሲዎችን በአካል ተዘዋውረን መዝግበናል» በሉ። ነገ የሚያርማችሁ ሰው በሳተላይት አይታችሁ ይሁን በእግር ሄዳችሁ ማወቅ አለበት።

የራሳችሁ ሠንጠረዥ ካለ

ሁሉም ነገር ኦፕንስትሪትማፕ ላይ አይገባም። «መድኃኒቱ አለ፣ የለም» የሚለው ለምሳሌ ቶሎ ስለሚቀየር ቦታው እዚያ አይደለም። እንዲህ ያለውን ኮቦቱልቦክስ በሚባለው የዳታ መሰብሰቢያ ቅጽ ሰብስቡ፤ ቅጹ በአማርኛ ይሠራል፣ ያለ ኔትወርክም ይሞላል። ሲወጣ ሲኤስቪ የሚባል ተራ ሠንጠረዥ ነው። ሌላ ሰው እንዲጠቀምበት የሚከተሉትን አስተካክሉ።

ኬክሮስና ኬንትሮስን በየራሳቸው ዓምድ አድርጉ። ሀዋሳ በ7.05 ሰሜንና በ38.48 ምሥራቅ ገደማ ናት። ከነጥብ በኋላ አምስት አኃዝ ይብቃችሁ፤ እሱ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ብቻ ካስቀራችሁ መቶ ሜትር ያህል ይሳታል፤ ፋርማሲው ሌላ መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ቅደም ተከተሉንም አረጋግጡ። ጂኦጄሶን የሚባለው ፋይል ኬንትሮስን ያስቀድማል። ከተገላበጠባችሁ ሀዋሳን ከአልጄሪያ በስተሰሜን፣ ሜዲትራኒያን ባሕር መካከል ታገኟታላችሁ። መሳቂያ ቢመስልም ብዙ ጊዜ የሚታይ ስህተት ነው።

ከመሥሪያ ቤት የቆየ ካርታ ከደረሳችሁ «አዲንዳን» የሚል ቃል ፈልጉ። አገራችን ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሠራ የቅየሳ መነሻ ነው። የስልክ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ሌላ መነሻ ነው። ሁለቱን ሳትቀይሩ ከደባለቃችሁ ነጥቦቹ ከመቶ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ኪውጂአይኤስ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው፤ የፋይሉን መነሻ በትክክል እስከነገራችሁት ድረስ።

አማርኛውን ደግሞ ጠብቁት። በኤክሴል ስታስቀምጡ ተራውን ሲኤስቪ ሳይሆን «ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጡ። አለበለዚያ ፊደላችሁ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል፤ ያ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ፈቃድ

ፋይል ቴሌግራም ላይ ስለተለቀቀ ክፍት ሆነ ማለት አይደለም። ፈቃድ ያልተጻፈበትን ዳታ ጠንቃቃ ሰው አይነካውም፤ ጋዜጠኛው፣ ተመራማሪው፣ አፕ ሠሪው «ነገ ይከሱኝ ይሆን?» ብሎ ይተወዋል። እኔ እንደማየው የዳታ ክፍትነት የሚወሰነው በአንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ያስገባችሁት በራሱ ፈቃድ ይተዳደራል፤ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦዲቢኤል የሚባለው ነው። ባጭሩ ማንም ለንግድም ቢሆን ይጠቀማል፣ ምንጩን ይጠቅሳል፣ ዳታውን አሻሽሎ ለሕዝብ ካወጣ ያንኑ ፈቃድ ይዞ ያወጣል። ለራሳችሁ ሠንጠረዥ ግን መምረጥ አለባችሁ። «ሲሲ ዜሮ» ማለት መብታችሁን ሁሉ ትታችኋል ማለት ነው። «ሲሲ ባይ» ስማችሁ እንዲጠቀስ ያደርጋል። ስማችሁ እንዲነሣ መፈለግ ነውር የለውም። ነገር ግን «ሲሲ ባይ» ያለበት ዳታ ወደ ኦፕንስትሪትማፕ ሲገባ ከባለቤቱ ተጨማሪ የጽሑፍ ይሁንታ ይጠየቃል። ያንን ዙር ለማስቀረት ለፋርማሲና ለቦኖ ዝርዝር «ሲሲ ዜሮ»ን እመርጣለሁ። «ለትምህርት ብቻ» ወይም «ለንግድ አይውልም» የሚል ነገር አትጨምሩ። ዕቃ አድራሹ ልጅም ነጋዴ ነው፤ እሱን ከልክላችሁ ማን ሊጠቀም ነው?

ከፋይሉ ጋር አንድ ትንሽ የጽሑፍ ሰነድ አያይዙ። ማን ሰበሰበው፣ መቼ፣ የትኛውን ሰፈር ይሸፍናል፣ በእግር ነው በሳተላይት፣ ምን ይጎድለዋል፣ ፈቃዱ ምንድን ነው። ስድስት መስመር ናት። «ምን ይጎድለዋል» የምትለውን አትፍሯት። «ከዋናው መንገድ በስተምሥራቅ አልደረስንም» ማለት የቀረውን ዳታ ያስከብረዋል።

ለሰው ማድረስ

ምስል ቀርጻችሁ አትላኩ፤ ፋይሉን ላኩ። ካርታ ሆኖ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ዩማፕ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ሠንጠረዡን ጫኑና ሊንኩን አጋሩ። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ያለውን መልሶ ለማውጣት ኦቨርፓስ ተርቦ የሚባል ድረ ገጽ አለ። ሰፈራችሁን አቅርባችሁ «ዊዛርድ» የሚለውን ተጫኑ፣ ፋርማሲ የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ ይዘረግፍላችኋል። ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ሰው ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስማንድ የሚባለውን የካርታ አፕ አስጭኑት፤ የወረደ ካርታ ያለ ዳታ ይሠራል። አዲስ ያስገባችሁት ነገር እነዚህ ላይ ወዲያው አይታይም፤ ካርታቸው ሲታደስ ይመጣል።

ስማርት ስልክ የሌላቸውንም አትርሱ። አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አትማችሁ ጤና ጣቢያው ወይም ቀበሌው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ጠይቁ። ጎኑ ላይ እስክሪብቶ በክር አንጠልጥሉ። ሰው ስህተቱን ራሱ ወረቀቱ ላይ ያርምላችኋል፤ እናንተ ደግሞ ያንን ወደ ካርታው ትመልሳላችሁ።

መሥሪያ ቤት ዳታ ስትጠይቁ «ያላችሁን ሁሉ ስጡን» አትበሉ። የሚመጣው መልስ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ነው። አንድ ነገር ጥቀሱ፤ «የሕዝብ ቦኖዎች ዝርዝር ከነመገኛቸው» እንደማለት። ለምን እንደምትፈልጉት፣ በምን ፈቃድ እንደሚወጣ፣ አርማችሁ እንደምትመልሱላቸው በደብዳቤ አስቀምጡ። የመጨረሻዋ ነጥብ በር ትከፍታለች፤ የታረመ ዝርዝር ለእነሱም ሥራ ያቀልላል። ፈቃዱን በቃል ሳይሆን በማኅተም ተቀበሉ። የተቀበላችሁትን ብዙ መቶ ነጥብ ግን በአንድ ጊዜ ካርታው ላይ አትድፉት። ኦፕንስትሪትማፕ በጅምላ ለሚገባ ዳታ ከሌሎች ካርታ ሠሪዎች ጋር አስቀድሞ መመካከርን ይጠይቃል፤ አለበለዚያ ቀድሞ በነበረው ላይ ይደራረባል።

ማደስ

ፋርማሲ ይዘጋል፣ ስም ይቀይራል፣ ወደ ማዶ ይሻገራል። ኤቭሪ ዶር ላይ አንድ ቦታ ዛሬም እንዳለ የምታረጋግጡበት ምልክት አለ። በዚያ ስታልፉ ተጫኑት፤ ሌላ ነገር መጻፍ አያስፈልግም። ሱቁ ተዘግቶ ሌላ ከተከፈተበት ነጥቡን ሰርዛችሁ አዲስ ከመትከል ያለውን ላይ ስሙንና ዓይነቱን ቀይሩ፤ የቦታው ታሪክ አይጠፋም። ባዶውን ከተቀመጠ ደግሞ «ተዘግቷል» በሉትና ተዉት።

ሠንጠረዣችሁን በየስድስት ወሩ አድሱ። የድሮውን አትደርቡበት፤ የፋይሉ ስም ላይ ቀኑን ጨምራችሁ አዲሱን ለብቻው አውጡ። ከቡድኑ ቢያንስ ሁለት ሰው ሠንጠረዡ የተቀመጠበትን መለያ የይለፍ ቃል ይያዝ። አንዱ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ቢገባ ሥራው አብሮት እንዳይሄድ።